ማሄሽዋር፦ የናርማዳን ወንዝ ተረጋግቶ ለመጎብኘት

ስለ ህንድ ቅዱስ ወንዝ ሲነሳ ሁሉም ሰው ጋንጀስን ይጠራል፤ ከከተማም ቫራናሲን። ቫራናሲ መታየት ያለበት ነው። ግን ግፊያው፣ ጥሩምባውና ‹‹ጀልባ ልውሰድህ›› የሚለው ደላላ ፋታ አይሰጡም። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ ማሄሽዋር ናት። በመካከለኛው ህንድ፣ ማድያ ፕራዴሽ በሚባለው ክልል፣ በናርማዳ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአሮጌ ምሽግ ሥር ተነስቶ ውሃው ውስጥ የሚገባ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አላት፤ ‹ጋት› ይሉታል። ሰው እዚያ ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ ልብሱን ያጥባል። ዝም ብሎ የሚቀመጥም ሞልቷል።

ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ህንድ የሚመላለስ አበሻ ብዙ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከተረፋችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሂንዱዎች የቆየ አባባል አላቸው። በሳራስዋቲ ወንዝ ሦስት ቀን፣ በያሙና ሰባት ቀን፣ በጋንጋ (ጋንጀስን እንዲህ ይሏታል) አንድ ቀን የታጠበ ይነጻል፤ ናርማዳን ግን ማየት ብቻ ይበቃል ይላሉ። እንዲያውም ጋንጋ ራሷ በዓመት አንዴ በጥቁር ላም ተመስላ ትመጣለች፣ ናርማዳ ውስጥ ታጥባ ነጭ ሆና ትወጣለች ብለው ይተርካሉ። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ካልገባሁ ጉብኝቴ ጎደሎ ነው አትበሉ። በራሳቸው ሥርዓት እንኳ ማየት ሙሉ ነገር ነው። ‹‹ሃይማኖቴስ?›› ብሎ ለሚጨነቅም ይኸው ይበቃዋል፤ ቁጭ ብሎ ለሚያይ እንግዳ ማንም ምንም አይለውም።

1. ወሩንም ቀኑንም ምረጡ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ድንጋዩ በባዶ እግር አያስረግጥም። ዝናቡ በሰኔ ይገባና እስከ መስከረም ይቆያል። ያኔ ወንዙ ይደፈርሳል፣ ሞልቶም ደረጃውን እየዋጠ ይወጣል። ከላይ ሆኖ ለማየት ግሩም ነው፤ ለመታጠብ ግን አይታሰብም።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። ሙሉ ጨረቃና ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ለሂንዱዎች የመታጠቢያ ቀኖች ናቸው፤ ከየገጠሩ ሕዝብ ይጎርፋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 (አንዳንድ ዓመት 15) ማካር ሳንክራንቲ የሚባል በዓል ነው። በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የናርማዳ የልደት በዓል አለ። ከዚያ ሺቫ የሚባለው አምላካቸው የሚከበርበት ማሃ ሺቫራትሪ ይከተላል። በዓል ለማየት ከሆነ የምትሄዱት እሰየው። ጸጥታ ከሆነ ግን የጨረቃውን ቀን ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ሽሹት። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአቅራቢያው ካለችው ትልቅ ከተማ ከኢንዶር ሰው ለሽርሽር ይመጣል፣ ሰኞ የሺቫ ቀን ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ይሻላል።

2. ወረቀታችሁን አዘጋጁ

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ህንዶች በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ ካርድ የሌለውን ለቀናት ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ።

ሁለተኛ ነገር፣ ፓስፖርትና ቪዛ ሁልጊዜ እጃችሁ ላይ ይሁን። ማንኛውም ማደሪያ የውጭ ዜጋ ሲያስተናግድ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። ለዚህ ያልተዘጋጁ ትንንሽ ማደሪያዎች ‹‹አልጋ የለም›› ብለው ይመልሷችኋል። ጠልተዋችሁ አይደለም። ስትይዙ ‹‹የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ?›› ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

3. መንገዱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ደልሂና ሙምባይ ያደርሳችኋል። ከሁለቱም ወደ ኢንዶር የአገር ውስጥ በረራ አለ። ጊዜ ካላችሁ የሌሊት ባቡርም ጥሩ ነው፤ ከሙምባይ ሴንትራል ማታ ተነስቶ ጠዋት ኢንዶር የሚገባው አቫንቲካ ኤክስፕረስ ይባላል። በዓል ከቀረበ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል።

ከኢንዶር ማሄሽዋር 90 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በታክሲ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ፤ ደርሶ መልስ ከሆነም በግልጽ ተናገሩ። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ዳምኖድ የምትባል ከተማ ወርዳችሁ ሌላ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ የሚቀረው 13 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ማሄሽዋር ውስጥ በእግር መሄድ ይቻላል። ሻንጣ ካላችሁ ባጃጅ አለ፤ እነሱ ‹ኦቶ› ይሉታል።

4. ማደሪያ

ለውሃው የቀረበ ያዙ፤ ንጋት ላይ በእግር መውረድ አለባችሁና። ምሽጉ ውስጥ የቀድሞው ገዢ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረው ሆቴል ሆኗል። ውብ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን አይቀመስም። የክልሉ ቱሪዝም ድርጅት ማረፊያ አለው፣ ተራ የእንግዳ ማረፊያዎችም አሉ። ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ማሄሽዋርን ጨምሮ በክልሉ ቅዱስ ተብለው በተለዩ ከተሞች መጠጥ መሸጥ ተከልክሏል። ቢራ አማረኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ቢቀርበት ይሻለዋል።

5. ምን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ?

ቀላል ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስና እርጥቡን የምትከቱበት ላስቲክ። የ10፣ የ20 እና የ50 ሩፒ ዝርዝር ብር። 500 ሩፒ አውጥታችሁ የ20 ሩፒ አበባ ብትገዙ መልስ አታገኙም። ፓስፖርት፣ ወርቅና ብዙ ገንዘብ ማደሪያ ይቅር።

አለባበስ ላይ ሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ትከሻ የሚሸፍን ነገር ይልበሱ። ለመታጠብ ካሰባችሁ የዋና ልብስ አይሆንም። የህንድ ሴቶች ከነሳሪያቸው ነው የሚገቡት፤ እናንተም ጠቆር ያለ ሰፊ ቀሚስና ሱሪ ልበሱ። ነጭ ልብስ ሲረጥብ ያጋልጣል። ወንዶች በቁምጣ ይገባሉ።

6. ፀሐይ ሳትወጣ ውረዱ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። በጥር ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በእነሱ 7 ሰዓት። (ከሰው ጋር ስትቀጣጠሩ በእነሱ አቆጣጠር ተናገሩ፤ ሰዓታቸውም ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል።) ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ በምሽጉ ትልቅ በር ወደ ውሃው ውረዱ።

መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። ከውሃው ስድስት ሰባት ደረጃ ከፍ ብላችሁ አንድ ጥግ ያዙና ተቀመጡ። መተላለፊያው መሃል አትሁኑ። ደረጃው ላይ እዚህም እዚያም ትንንሽ ክብ ድንጋዮች ተተክለው ታያላችሁ፤ የሺቫ ምልክቶች ናቸው። አትቀመጡባቸው፣ እግራችሁንም ወደ እነሱ አትዘርጉ።

ወንዙ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ፊታችሁን ወደ ውሃው ስታዞሩ ፀሐይ በግራችሁ ትወጣለች። አሁን አንዲት እናት ስትወርድ እዩ። እግሯን ከማስገባቷ በፊት ጎንበስ ብላ ውሃውን በጣቷ ነክታ ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ እስከ ወገቧ ትገባና አፍንጫዋን ይዛ ጥልቅ ትላለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወደ ፀሐይዋ ዞራ በሁለት እጇ ውሃ ትዘግንና ቀስ ብላ በጣቶቿ መሃል ታፈስሰዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትወጣ በነሐስ ማሰሮ ውሃ ቀድታ አንዱ ክብ ድንጋይ ላይ ታፈስሳለች፣ አንድ አበባ ታኖርበታለች። ደረቁን ሳሪ በእርጥቡ ላይ ጠምጥማ እርጥቡን ከሥር ታወልቀዋለች። ገላዋ ለአፍታ እንኳ አይታይም። ከጎኗ ሌላዋ ልብስ በድንጋይ ላይ እየደበደበች ታጥባለች፣ ልጅ ደግሞ ለዓሦች የሊጥ ድቡልቡል ይወረውራል። ሁሉም በአንድ ደረጃ ላይ ነው፤ አንዱ ሌላውን ዝም በል አይለውም።

ሰው ሲያያችሁ ‹‹ናርማዴ ሃር!›› ይላችኋል። እዚህ የሰላምታ ቃል ይኸው ነው። ለወንዟ የሚቀርብ ምስጋና ስለሆነ መልሳችሁ ማለት ካልፈለጋችሁ መዳፎቻችሁን አጋጥማችሁ ‹‹ናማስቴ›› በሉ፤ ማንም ቅር አይለውም።

ነጭ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ትንሽ ጓዝ ያንጠለጠሉ መንገደኞች ካያችሁ ልብ በሉ። ወንዙን በእግራቸው የሚዞሩ ተሳላሚዎች ናቸው። ናርማዳ 1,312 ኪሎ ሜትር ነው። እነዚህ ሰዎች በአንዱ ዳርቻ ወርደው በሌላው ይመለሳሉ፣ ወንዙን ሁልጊዜ በቀኛቸው ያደርጋሉ፣ መሃል ላይ አይሻገሩም። በጥንቱ ሥርዓት ጉዞው 3 ዓመት ከ3 ወር ከ13 ቀን ይወስዳል፤ ዛሬ ብዙዎች በወራት ይጨርሱታል፣ በመኪና የሚዞርም አለ። በሰሜኑ ዳርቻ ስለሆናችሁ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያልፉ ነው የምታዩዋቸው። ሻይ ብትጋብዟቸው ደስ ይላቸዋል።

ፎቶ? ወንዙን፣ ምሽጉን፣ ጀልባውን እንደልባችሁ። የምትታጠብ ሴት ግን አይነካም፣ ከሩቅም ቢሆን። እኛ አገር ጠበል ላይ ያለች እህታችሁን አንድ እንግዳ በካሜራ ቢያነሳት ምን ይሰማችኋል? ባሕታዊ የሚመስሉ ሰዎችን ካነሳችሁ ገንዘብ ይጠይቋችሁ ይሆናል፤ ቀድማችሁ በምልክት ጠይቁ። ልጆች ደግሞ እናንተን ሰልፊ ይጠይቋችኋል። ጥቁር እንግዳ በዚያች ከተማ ብዙ አይታይም።

7. ውሃ ለመግባት ከወሰናችሁ

ናርማዳ እዚህ ጋ ሰፊና ዝምተኛ ይመስላል። አትመኑት። ደረጃው ውሃ ውስጥ ይቀጥልና በድንገት ያልቃል። አረንጓዴ የያዘው ድንጋይ ያሟልጫል። ስለዚህ የአገሩ ሰው በሚገባበት ቦታ ብቻ ግቡ፣ ከፊታችሁ ካለው ሰው አትራቁ፣ በተረከዝ ሳይሆን በሙሉ እግር ርገጡ። የሚያዝ ሰንሰለት ካለ ያዙ። ዋና ብትችሉም አትዋኙ። ልጅ ካለ እጁ አይለቀቅ።

ሌላው ግድብ ነው። ከላይ በኩል ኦምካሬሽዋርና ኢንዲራ ሳጋር የሚባሉ ትልልቅ ግድቦች አሉ፤ ውሃ ሲለቁ ወንዙ ፀሐይ በወጣበት ቀንም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 በዚሁ ወንዝ ላይ ዳራጂ በምትባል ቦታ፣ ለበዓል የተሰበሰቡ በርካታ ተሳላሚዎች ከግድብ የተለቀቀ ውሃ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ሳይረን ከሰማችሁ ወይም የረገጣችሁት ደረጃ ሲሸፈን ካያችሁ ዕቃችሁን ሳታዩ ውጡ። ፖሊስ ወይም ጀልባ ነጂ ‹‹ውጡ›› ሲል አትከራከሩ።

ከከተማው ትንሽ ወደ ታች ሳሃስራዳራ የሚባል ቦታ አለ፤ ወንዙ በድንጋይ መሃል በብዙ ጅረት ተከፋፍሎ ይወርዳል። ሺህ እጅ የነበረው ንጉሥ ወንዙን በእጆቹ ሲያግደው በጣቶቹ መሃል አምልጦ ነው ይላሉ። ለማየት ሂዱ፤ እዚያ ግን እግራችሁንም አታስገቡ።

ሳሙናና ሻምፑ አይፈቀድም፤ ራሳቸው አንዳንዶቹ ሲያደርጉት ብታዩም እናንተ ተዉት። ጥርስ መፋቅ፣ መትፋት፣ ማንኛውንም ቆሻሻ መጣል ነውር ነው። እነሱ ከውሃው ይጎነጫሉ፤ የእኛ ሆድ ግን አልለመደውም፣ ስትጠልቁም አፋችሁን ግጠሙ። የተላጨ ወይም የቆሰለ ገላ ካላችሁ ባትገቡ ይሻላል። ለሴቶች ልብስ መቀየሪያ ቢኖርም ጠባብ ነው፤ ሰፊ ነጠላ ይዛችሁ ብትወርዱ ትገላገላላችሁ። እግር ብቻ ነክሮ መቀመጥም ይቻላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ ዓሦቹ መጥተው ጣታችሁን ይለቅማሉ።

አንድ ካህን መጥቶ ግንባራችሁ ላይ ቀይ ቀለም ሊቀባ ወይም እጃችሁ ላይ ክር ሊያስር ይችላል። ከተቀበላችሁ ገንዘብ ይጠበቃል፤ ከ20 እስከ 50 ሩፒ ይበቃል። ካልፈለጋችሁ እጁ ሳይደርስ መዳፍ አጋጥማችሁ፣ ራስ ነቅነቅ፣ ፈገግታ። ማብራሪያ ውስጥ አትግቡ። ‹‹ለድሆች ምግብ›› ብሎ ደረሰኝ አውጥቶ በሺህ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

8. ወደ ምሽጉ ውጡ

ደረጃው፣ ቤተ መቅደሱ፣ ምሽጉ ሁሉ ከአንዲት ሴት ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ አሂልያባይ ሆልካር (1725–1795)። ባሏ በጦርነት ሞተ፤ ከዚያ አማቷ፣ ከዚያ ልጇ። በ1767 ሥልጣኑን ራሷ ያዘችና ማሄሽዋርን ዋና ከተማዋ አደረገች። ያሠራችው በግዛቷ ብቻ አይደለም፤ ቫራናሲ ያለውን ታዋቂውን የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስ በ1780 ያሳነጸችው እሷ ናት። መቀመጫዋን ሂዱና እዩት፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ፍራሽና ትራስ ነው። ከዙፋን ይልቅ መደብ ይመስላል።

ጠዋት ጠዋት እዚያው ግቢ ካህናት ከጥቁር ጭቃ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የሺቫ ምልክቶችን እየሠሩ በሳንቃ ላይ ይደረድራሉ። ሲጨርሱ ጸልየው ወንዙ ውስጥ ይጨምሩታል። በማግስቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ከእሷ ዘመን ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ጫማ አውልቃችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ዳር ላይ ቁሙ።

9. ምግብ፣ በተለይ ለጾመኞች

ከተማው ከሞላ ጎደል አትክልት በል ነው። ቁርስ ላይ ፖሃ ብሉ፤ የተደፈጠጠ ሩዝ በዘይት፣ በእርድና በሽንኩርት የሚሠራ፣ ቀለል ያለ ምግብ ነው። ጾመኛ ግን ይጠንቀቅ። ህንድ ውስጥ ‹‹ቬጅ›› ሲባል ወተት፣ እርጎና የነጠረ ቅቤ ይጨምራል። ምስር ወጡ በቅቤ ሊቁላላ፣ ቂጣው ቅቤ ሊቀባ ይችላል። ‹‹ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ›› በሉ፤ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ እንደማለት ነው። ሻዩም በወተት ፈልቶ ስለሚመጣ ‹‹ካሊ ቻይ›› ብላችሁ ጥቁሩን እዘዙ።

10. ማታ

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ቀኛችሁ ስታዘነብል ጀልባ ተከራዩ። ወንዙ መሃል በደሴት ላይ ባኔሽዋር የሚባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ፤ ደርሶ መልስ አጭር ነው። ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለሰው ሳትሳፈሩ አስረግጡ፤ የነፍስ አድን ጃኬት ጠይቃችሁ ልበሱ።

ሲመሽ ደረጃው ላይ የመብራት ሥርዓት አለ፤ አርቲ ይባላል። ደወል ይደወላል፣ ዛጎል ይነፋል፣ ካህኑ ባለብዙ ፈትል መብራት ወደ ወንዙ እያዞረ ያወዛውዛል። ከቫራናሲው ጋር ሲተያይ ትንሽና የሰፈር ነገር ነው፤ እኔ ለዚህ ነው የምወደው። ሰዎች በቅጠል ሳህን ውስጥ አበባና መብራት አድርገው ውሃው ላይ ይለቃሉ። መብራቱ ሲዞር መዳፍ አሞቀው ዓይናቸውን ይዳስሳሉ፤ ካልፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ አሳልፉት። የሚታደል ጣፋጭ ካለ በቀኝ እጅ ተቀበሉ፤ መብላት ባትፈልጉ እዚያው አትጣሉት፣ ከጎናችሁ ላለ ልጅ ስጡት።

11. ሸማኔዎቹ ጋ ሳትሄዱ እንዳትመለሱ

አሂልያባይ ሸማኔዎችን ከሱራት አስመጥታ እዚህ አስፍራለች። የማሄሽዋር ሳሪ ከዚያ ጀመረ። የዛሬው አብዛኛው ድሩ ሐር፣ ማጉ ጥጥ ነው። ጥለቱ በሁለቱም ፊት ስለሚለበስ ውስጡና ውጩ አይለይም። ንድፉን ከምሽጉ ድንጋይና ከወንዙ ሞገድ ወስደውታል፤ ጠዋት ደረጃው ላይ ያያችሁት ቅርጽ ጨርቁ ላይ ተሸምኖ ታገኙታላችሁ። ምሽጉ አጠገብ በ1979 የተቋቋመው ሬህዋ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሴቶቹ ሲሸምኑ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሳሪ ምን ያደርግልኛል የምትሉ ሻርፕ አለ፤ ለእናት የሚሆን ስጦታ ነው። ሱቅ ውስጥ ‹‹የእጅ ነው›› ቢሏችሁ ጠርዙን አገላብጣችሁ እዩ፤ የሽሮ ሜዳን ገበያ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይሸወድም።

12. ስትመለሱ

ወደ ኢንዶር የምትመለሱት በአውቶቡስ ከሆነ ማምሻውን አትጠብቁ፤ ከሰዓት በፊት ውጡ። በረራችሁ ማታ ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ መነሳት ይሻላል፤ መንገዱ የሚያልፍበት ተራራ ላይ ከባድ መኪና ይበዛል። አንድ ቀን ከጨመራችሁ ኦምካሬሽዋር ከተማ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ12ቱ ታላላቅ የሺቫ መቅደሶች አንዱ እዚያ ደሴት ላይ አለ። እዚያ ግን ሰው ይበዛል፣ ግድቡም ከመታጠቢያው አጠገብ ነው፤ እግር መንከሩን ማሄሽዋር ላይ ጨርሱት።